ጨጓራ የበሽታ ስም አይደለም

(በድሬዳዋ ከተማ ለምድር ባቡር ጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በተናጋሪው በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

እዚህ የቆምኩት ሐኪም ሆኜ አይደለም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት የሰውን ደም፣ ሰገራና ሽንት በማይክሮስኮፕ እያየሁ፣ ያየሁትንም በትንሽ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ በመስኮት ሳቀብል ኖሬአለሁ። ወረቀቱን ከእጄ የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ታማሚዎቹ ሳይሆኑ እናታቸውን ወይም አባታቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው የመጡ ልጆች ናቸው፤ የሁሉም ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ጨጓራ ነው አይደል?» እኔም ለብዙ ዓመታት፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ «አዎ፣ ነው» እያልኩ ስሸኛቸው ኖሬአለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያው ጥያቄ ነው። ጨጓራ የአካል ክፍል ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ጨጓራ የሌለው ሰው የለምና «አባቴ ጨጓራ አለበት» ያለ ሰው ስለ አባቱ ሕመም ገና ምንም አልተናገረም። ይሁን እንጂ ይህ ቃል በቤታችን አንዴ ከተነገረ ፍለጋው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በርበሬ መከልከል፣ ተልባ መበጥበጥ፣ ከፋርማሲ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል መግዛትና «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» እያሉ መጠየቅ ብቻ ይሆናል። በእኛ ቤት ይህ ሥራ ዘጠኝ ወር ፈጅቷል።

አባቴ ከእናንተ አንዱ ነው። በምድር ባቡር የጥገና ክፍል የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እየፈታ እየገጠመ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። (እኛ ድሬዎች አባታችንን «አንተ» እያልን ነው ያደግነው፤ ከሌላ አገር የመጣችሁ እንግዶቻችን እንደ ንቀት እንዳትቆጥሩብኝ እለምናለሁ።) ሕመሙ ሲጀምረው ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ጥቂት በልቶ «ጠገብኩ» ማለት አመጣ። ቀጥሎ ሆዱን ይነፋው ጀመር። አንድ ሳምንት ድርቀት፣ ሌላ ሳምንት ደግሞ ሆዱ ላላ የሚል ነገር ተከተለ። ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ያዘ፤ እኛም «ሙቀቱ ነው፣ ዕድሜው ነው» አልን። የድሬዳዋ ሙቀት ለብዙ ነገር ማመካኛ ነው። እውነትም ላብ ሰውነትን ያደርቃል፣ የአረጋዊ ሰው የውኃ ጥም ስሜትም ስለሚቀንስ ድርቀት ያመጣል፤ ነገር ግን ሰውን ቀስ በቀስ ደም አያሳጣውም።

በመጀመሪያው ወር ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ደም ተወሰደ፣ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ተባለ፣ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ታዘዘ። ትንሽ የተሻለው መሰለ። በሦስተኛው ወር ሲመለስበት ሌላ ቦታ ሄድን፤ «ታይፎይድ» ተባለ። በአምስተኛው ወር ሰገራው ታየና «አሜባ» ተባለ። በሰባተኛው ወር የመጀመሪያው ምርመራ ተደግሞ አሁንም «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ሆነ፣ ያው መድኃኒትም ተደገመ። እነዚህን ወረቀቶች የጻፉት የሙያ ጓደኞቼ ናቸው፤ አንዱን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ የማንንም ስም ሳላነሳ፣ ወረቀቶቹ ምን ማለት እንደሚችሉና ምን ማለት እንደማይችሉ በራሴ ሙያ ላይ ቆሜ ልንገራችሁ።

ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ፣ የሚባለው ባክቴሪያ እውነተኛ ነገር ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ይህ ተሕዋስ የጨጓራ ቁስለት እንደሚያመጣ ሲናገሩ ብዙዎች አላመኗቸውም ነበር፤ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ በመታመም አሳየ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ተሕዋሱ የጨጓራ ካንሰርንም ሊያስከትል ስለሚችል በእርግጥ ከተገኘ መታከሙ ተገቢ ነው። ችግሩ ያለው አመራመራችን ላይ ነው። ከጣት ወይም ከክንድ በተወሰደ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህም ተሕዋሱ ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ሌባው ከሄደ በኋላ ውሻው እንደሚጮኸው ማለት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ባክቴሪያ ብዙ አዋቂዎች ውስጥ ይገኛል፣ አብዛኞቹንም አያሳምማቸውም። ስለዚህ ሆዱን የሚያመው አረጋዊ «ፖዘቲቭ» መሆኑ ሆዱን ያመመው ያ ባክቴሪያ ነው ለማለት አያበቃም። በመድኃኒት መጥፋቱን በደም ምርመራ ማረጋገጥ ደግሞ ጨርሶ አይቻልም፤ የአባቴ የሰባተኛው ወር ወረቀት ዋጋ ያልነበረው ለዚህ ነው። አሁን ያለ ኢንፌክሽን መኖሩን በተሻለ የሚናገረው የባክቴሪያውን የራሱን አካል ሰገራ ውስጥ የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው፤ እሱም ቢሆን ታማሚው ኦሜፕራዞልን የመሰለ መድኃኒት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአራት ሳምንት ካላቆመ «የለም» ብሎ ሊያሳስት ይችላል። መድኃኒቱን ማቆም የሚቻለውም ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት መስኮቴ ላይ «መድኃኒት አቁመው ነው የመጡት?» ብዬ የጠየቅኋቸውን ሰዎች ብቆጥር ከጣቶቼ አይበልጡም።

ታይፎይድ ብለን ወረቀት የምንሰጥበት፣ እሱም ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው የዋይዳል የደም ምርመራ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው። ዕድሜው ብቻ አያስነቅፈውም፤ ነገር ግን ታይፎይድ በብዛት ባለበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ የዋይዳል ውጤት ያለፈን ሕመም፣ ሌላን ተሕዋስ ወይም ክትባትን ከዛሬው ታይፎይድ ለይቶ አያሳይም። ሦስት ወር ያህል ትኩሳት ሳይኖረው ሆዱን እየነፋው የቆየን የሰባ አንድ ዓመት ሰው ታይፎይድ ነው ማለት ልጅ እንኳ ሊጠራጠረው የሚገባ ነገር ነበር፤ እኔ አልተጠራጠርኩም።

አሜባው ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። ሰገራ ውስጥ የሚታየው በሽታ አምጪው አሜባና ምንም የማያደርገው ወንድሙ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ካልተገኘ በስተቀር በዓይን መለየት አይቻልም። የላላ ሰገራ ላይ ሕያው አሜባ ለማየት ደግሞ ናሙናው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት ይኖርበታል። አባቴ ናሙናውን ከቤት በጠዋት ይዞ መጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ሲጠብቀኝ ቆየ፤ እኔም ክብ ነገር አይቼ «አሜባ» ብዬ ጻፍኩ። የገዛ ልጁ የጻፈለትን ወረቀት ተማምኖ መራራውን ክኒን ለአሥር ቀን ዋጠ።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ላቦራቶሪ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ብዬማ በምን እኖራለሁ? ምርመራ መልስ የሚሰጠው ለተጠየቀው ጥያቄ ነው። እኛ ደግሞ ጥያቄ ሳናዘጋጅ መልስ ስንሰበስብ ከረምን።

ጥያቄው የሚወለደው ከታማሚው አፍ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ቋንቋችን ራሱ ያስቸግራል። በአማርኛ «ሆዴ» ስንል የምንበላበትን ሆድ ብቻ አይደለም የምንለው፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይሸፍታል፣ ሰው በሆዱ ይይዛል። በኦሮምኛም «ገራ» እንደዚሁ የምግቡም የሐሳቡም ቤት ነው። ስለዚህ አንዲት እናት «ሆዴ ጥሩ አይደለም» ስትል ስለ ምግቡ ይሁን ስለ ሞተባት ልጇ ቶሎ አይታወቅም፤ አንዳንዴም ስለ ሁለቱም ነው፤ በአረጋውያን ዘንድ ድባቴ ራሱን የሚገልጸው ብዙ ጊዜ በምግብ ፍላጎት ማጣት፣ በድርቀትና በሆድ ሕመም ነውና። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። አባቴ ከሰገራው ጋር የተያያዘ ነገር ለእኔ ለልጁ ለመናገር አራት ወር ፈጀበት፤ ለእህቴማ ጭራሽ አልተናገረም። ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፦ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ባለሕመሙ ጣሪያ ያያል። እኔ በስድስት ቀጠሮዎች ስለ አባቴ ሆድ የተናገርኩትን ሁሉ ሳስበው፣ አንዱንም ቃል ከአባቴ አፍ አልሰማሁትም ነበር፤ ከራሴ ግምት ነው ያመጣሁት።

በኋላ የረዳን መላ ቀላል ነበር። አባቴ በሥራ ዘመኑ የእያንዳንዱን ሎኮሞቲቭ ብልሽት በደብተር የመመዝገብ ልማድ ነበረው፤ አንድ ቀን ደብተር ገዝቼ ሰጠሁትና «ለእኔ አትንገረኝ፣ እዚህ ጻፍ» አልኩት። ምን እንደበላ፣ ከበላ ስንት ሰዓት በኋላ እንደነፋው፣ ወደ ውጭ መቼ እንደወጣና ቀለሙ ምን እንደነበረ በዚያ ውብ የእጅ ጽሑፉ ይሞላው ጀመር። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ልጄ ጨጓራ ነው ይለኛል። ሞተር ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ‹ጭስ ነው› ያልን ሠራተኞች ብንሆን ባቡሩ ከደወሌ ጣቢያ አያልፍም ነበር።»

ሌላው መታየት የነበረበት ነገር የመድኃኒቱ ፌስታል ነው። ሁላችሁም ቤት አለ፤ አልጋ ራስጌ ይንጠለጠላል፣ ውስጡ ያለውን ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ ማንም የለም። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲዱ የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳሉ። በአረጋዊ ሰው ዘንድ ይህ ያለ ምንም የሕመም ምልክት ቁስል ፈጥሮ ሊደማ ይችላል፤ ለልብ በየቀኑ የምትወሰደው ትንሿ አስፕሪንም እንደዚሁ። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ሆድ ያላላል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ያመጣል። የብረት ክኒን ሰገራን ስለሚያጠቁር ደም ይመስላል፤ ወይም በተቃራኒው እውነተኛው ደም «የክኒኑ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ኦሜፕራዞል ደግሞ የጨጓራ ካንሰርን ስሜት እንኳ ለጊዜው ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ስለዚህ «ተሻለው» ማለት ታወቀ ማለት አይደለም። በአባቴ ፌስታል ውስጥ ሦስት ዓይነት ማስታገሻ አገኘሁ፤ ሁለቱ ስማቸው ቢለያይም አንድ መድኃኒት ናቸው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮሶውም፣ ፌጦውም፣ ጥቁር አዝሙዱም ይቁጠር።

ጫትም ይቁጠር። በዚህ አዳራሽ ስለ ጫት መናገር እንደማያስወድድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋና ድርቀት እንደሚያመጣ የማያውቅ ድሬም ሐረሬም የለም። ብዙ ያልተነገረው የጉበቱ ነገር ነው፤ በሐረር ሆስፒታሎች በሕሙማን ላይ የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት አዘውትሮ መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ሆዱ የተነፋ አረጋዊ ውስጥ ያለው አየር ይሁን ውኃ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። የሐኪሙ ጥያቄ «ይቅማሉ?» ሲሆን ቤተሰቡ በአፍረት «አይ፣ ድሮ ነው የተወው» ብሎ የሚመልሰውን መልስ ስንቴ ሰምቻለሁ!

አሁን ወደ ተገለጠበት ቀን ልምጣ። በዘጠነኛው ወር በሰው ምክር አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ቀረብን። ሐኪሙ ምርመራ ከማዘዛቸው በፊት አባቴን ቀና ብለው አይተው፣ «አባት፣ ቀበቶዎን በስንተኛው ቀዳዳ ነው የሚያስሩት?» አሉት። አባቴ ሸሚዙን ገለጥ አደረገ። ቀበቶው ላይ አሮጌው ቀዳዳ ሰፍቶ ይታያል፤ ከእሱ ወዲያ አባቴ በምስማር የበሳቸው ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ። በአንድ ቤት እየኖርን፣ በአንድ ገበታ እየበላን ያላየነውን ያ ሐኪም በአንድ ጥያቄ አዩት። ሚዛን ላይ ሲወጣ 58 ኪሎ ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለቡአ ቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ 67 ነበር። አንድ ሰው ሳያስበው በስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ አምስት በመቶ ከቀነሰ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ከዚያም ሐኪሙ ወረቀቶቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በቀን ቅደም ተከተል እንድደረድራቸው ጠየቁኝ። ቀላል ሥራ ይመስላል፣ አይደለም። ግማሹ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ ነው የተጻፈው፤ አንዱ 2015 ይላል፣ ሌላው 2023። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰበትን ዓመት አንዱ 1895፣ ሌላው 1902 እንደሚለው ማለት ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ያሳስታሉ። በተለያየ ጤና ተቋም የወጡት ወረቀቶች ዘጠኙን ወር ሙሉ አብረው ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ሲደረደሩ ከታች አንድ ቁጥር ብቅ አለ፦ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር መጠን። ለቡአው ቀዶ ሕክምና በተመረመረበት ቀን 14.2፤ በሦስተኛው ወር 12.1፤ በስድስተኛው ወር 9.4። እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ሲታይ ስለ «ኤች ፓይሎሪ» ወይም ስለ «ታይፎይድ» ነበር፤ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ስለ ደም ነበሩ። የቀይ የደም ሕዋሱ ትልቅነት ልኬት ደግሞ 69 ነበር፤ ጤነኛው ከ80 እስከ 100 ነውና ይህ አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረትን ያመለክታል። በመሃል ለሁለት ወር የብረት ክኒን ወስዶ ወደ 10.3 ከፍ ሲል «ተሻለው» ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ይህን ነጥብ ረጋ ብላችሁ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። በዓለም የጤና ድርጅት መለኪያ የአዋቂ ወንድ ሄሞግሎቢን ከ13፣ እርጉዝ ያልሆነች ሴት ደግሞ ከ12 ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል። ከፍታ ቦታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ትንሽ ስለሚወፍር በ1,200 ሜትር ገደማ ያለነው እኛና በ1,800 ሜትር ገደማ ያሉት ሐረሮች አንድ ቁጥር ቢኖረን እንኳ ትርጉሙ ፍጹም አንድ አይደለም። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ወር አበባ የማታይ ሴት ወይም ወንድ በሆነ አረጋዊ ላይ የብረት እጥረት ሲገኝ፣ «ምግብ አነሰው» ከማለት በፊት ደም ከአንጀት ወይም ከጨጓራ እየፈሰሰ እንዳይሆን መፈለግ ግድ ነው። ብረት መስጠት ባልዲው ላይ ውኃ መጨመር ነው፤ ቀዳዳው ግን አልተገኘም።

በአፍ በኩል በሚገባ ካሜራ፣ በኢንዶስኮፒ፣ ጨጓራው ታየ፤ የጨጓራው ግድግዳ ትንሽ ከመቅላቱ በቀር ምንም የለም። ዘመድ ሁሉ «እልል፣ ነፃ ነው!» አለ። ሐኪሙ ግን «ደሙ የት ሄደ?» አሉ። ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ከታች በካሜራ ለማየት፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን። አባቴ «በባቡር ካልሆነ አልሄድም» ብሎ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሄድን፤ የእሱ ዘመን ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ የአሁኑ ግን 1.435 ሜትር መሆኑን እየነገረኝ፣ ስለ ምርመራው ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ አዋሽ ደረስን። ከምርመራው በፊት አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት እየጠጡ ጠራ ያለ ፈሳሽ ብቻ መውሰድ አለ፤ ለአረጋዊ ሰው ከምርመራው ይልቅ ይህ ነው የሚከብደው፤ ውኃና ጨው እንዳይጎድለው፣ ወደ ሽንት ቤት ሲሮጥም እንዳይወድቅ ሌሊቱን ሰው አጠገቡ ማደር አለበት። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር የግድ ነው።

የተገኘው በትልቁ አንጀት የቀኝ በኩል መጀመሪያ ላይ ያለ እጢ ነበር። በዚያ በኩል አንጀቱ ሰፊ ነው፣ የሚያልፈውም ገና ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ እጢው ቶሎ መንገድ አይዘጋም፣ ደሙም በጠብታ እየተደባለቀ ስለሚወጣ በዓይን አይታይም። ሰውየው የሚያውቀው መድከሙን ብቻ ነው። የዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ለዚህ ነበር።

እዚህ ላይ የቤት ሽማግሌ ሆዱን ባመመው ቁጥር ካንሰር ነው ብላችሁ እንዳትሸበሩ እለምናለሁ። መስኮቴ ላይ ያየኋቸው አብዛኞቹ መጨረሻቸው ሌላ ነው፦ አንዷ እናት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ስለማይገጥም ሳያኝኩ ይውጡ ነበር፤ አንዱ አባት ያልታወቀ ስኳር ነበረባቸው፤ የሌላዋ ሁሉ ነገር ማስታገሻው ሲቆም ቆመ። ነገር ግን አረጋዊ ሰው ምግብ ሲውጥ ከተጣበቀበት፣ ሳያስበው ከከሳ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያለበት ሰገራ ካየ፣ ትውከቱ ካልቆመ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ደሙ ካነሰ «እስቲ ይህን ክኒን እንሞክር» የሚባልበት ጊዜ አልፏል። አንድ ነገር ደግሞ ለነገ እንኳ አይቆይም፦ ከእምብርት በላይ ድንገት የተነሳ መጫን ወይም ማቃጠል ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ በተለይም የስኳር ታማሚ በሆነ ሰው ላይ፣ ጨጓራ መስሎ የመጣ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ሰዓት ወተት አታጠጡ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱ።

የባዮፕሲው፣ ማለትም ከእጢው ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና፣ ውጤት ሲመጣ በቤታችን ሌላ ችግር ተነሳ። ከጅቡቲ ወንድሜ፣ ከውጭ አገር እህቴ በስልክ ተሰብስበው «ለአባዬ እንዳይነገረው» አሉ። እኔም ተስማማሁ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም፣ ቢነገርም በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው፤ ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ግን ፊርማ የሚፈርመው እሱ ነው። አልጋው ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ገለበጠና «ምንድነው የምትቆርጡልኝ?» አለኝ። «ትንሽ ቁስል ናት፣ ጨጓራ አካባቢ» አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጊዜ አየኝ። «ዘጠኝ ወር ጨጓራ አልከኝ፤ አሁንም ጨጓራ ትለኛለህ። ስሙን ንገረኝ።» ነገርኩት። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ ወደ ጉበት ሄዷል ወይ፤ ዋጋው ስንት ነው። አልሄደም ነበር። ዋጋውን ዋሸሁት፤ እሱን አሁንም አልነገርኩትም፣ እናንተም አደራ።

ከቀዶ ሕክምናው ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ንግግሬ እንደረዘመ በእጁ እያመለከተኝ ነው።

ከመጨረሴ በፊት አስቀድሞ በጽሑፍ ለደረሰኝ አንድ ጥያቄ ልመልስ። አንዲት እህት «እናቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አልመረመርም፣ እንዲሁ ልሙት ትላለች፤ ምን ላድርግ?» ብላለች። እናትሽ አለመመርመር መብታቸው ነው፤ ተገኝቶም ቀዶ ሕክምና የማይችል አቅም ላይ ከሆኑ ሐኪሙ ራሱ አንጀት ውስጥ መግባቱ ምን ይጠቅማል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ነገር ግን «አልመረመርም» የሚለው ቃል ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። የአባቴ ፍርሃት ቱቦው አልነበረም፤ ሴት ነርስ ፊት መገለጥ ነበር፣ እሱም በአንድ አንሶላና በአንድ ወንድ ነርስ አለቀ። የእናትሽ ምናልባት ገንዘቡ ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ከሆስፒታል ያልተመለሰች ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። እስከዚያው የማያስፈራቸውን ብቻ አድርጊ፦ የእህል ሚዛንም ቢሆን አቁሚያቸውና ክብደታቸውን ጻፊ፣ ፌስታሉን አራግፊ፣ የደም ቆጠራ ብቻ ይሠራላቸው። ሰኞ ጠዋት በባዶ ሆድ መምጣት አያስፈልግም፤ ቁርሳቸውን በልተው ይምጡ፣ መስኮቱ ጋ እኔ አለሁ።